የተማሪ ምርምር በከፍተኛ ትምህርት፦ አመጣጡና ለተማሪው ያስገኘው ጥቅም

፩. መግቢያ

የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ሁለት ዐበይት ተግባራት እንዳሏቸው በየጊዜው ይነገራል። አንደኛው ያለውን ዕውቀት ለተከታዩ ትውልድ ማስተላለፍ፣ ሁለተኛው ያልታወቀውን መርምሮ ማግኘት ነው። በብዙ አገሮች የመጀመሪያው ተግባር ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ፣ ሁለተኛው ደግሞ ለመምህሩና ለድኅረ ምረቃ ተማሪ የተመደበ ሆኖ ቆይቷል። በዚህ አከፋፈል መሠረት ወጣቱ ተማሪ በቅድሚያ ሌሎች የደረሱበትን ያዳምጣል፤ ይጽፋል፤ ይፈተናል። የራሱን ጥያቄ የሚያነሣው ከዓመታት በኋላ፣ ያውም ዕድሉ ከገጠመው ነው።

ይሁን እንጂ የከፍተኛ ትምህርትን ታሪክ በጥሞና ለተመለከተ፣ ይህ አከፋፈል ሁልጊዜና በሁሉም ቦታ የነበረ አይደለም። በተለያዩ ጊዜያትና አገሮች ወጣት ተማሪዎች ከመምህራኖቻቸው ጎን ቆመው እንዲመረምሩ ተደርጓል፤ ልማዱ በአንድ ወገን ሲዳከም በሌላ ወገን ሲያንሠራራ ኖሯል። በኢትዮጵያም የመጀመሪያው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በሩን በከፈተ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የተማሪዎችን ጥናት የያዘ መጽሔት ታትሞ ወጥቷል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የልማዱን አመጣጥ በአጭሩ መተረክ፣ ከዚያም ተማሪው ከምርምር ሥራ የሚያገኘው ጥቅም ምን እንደሆነ፣ ጥቅሙም በምን ሁኔታ እንደሚገኝና በምን ሁኔታ እንደሚቀር ማመልከት ነው። ጉዳዩ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። የተማሪው ቁጥር በበዛበትና የአማካሪ መምህሩ ጊዜ ባጠረበት በአሁኑ ዘመን፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ይቅር ወይስ ይቆይ የሚለው ጥያቄ ውሳኔ የሚሻ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

፪. ከበርሊን እስከ ባልቲሞር

በአዲሱ ዘመን ለተማሪ ምርምር መሠረት የሆነው ሐሳብ በአብዛኛው ከፕሩሲያው የትምህርት ሹም ከቪልሄልም ፎን ሁምቦልት ስም ጋር ይያያዛል። ፕሩሲያ በ1806 በናፖሌዎን ጦር ተሸንፋ ታላቁን የሐለ ዩኒቨርሲቲ ካጣች በኋላ፣ መንግሥቱ በጦር ሜዳ ያጣውን ኃይል በትምህርት ለመተካት ተነሣ። በ1809 እና በ1810 የትምህርቱን ጉዳይ የመራው ሁምቦልት የበርሊን ዩኒቨርሲቲ እንዲቋቋም አደረገ። በዚያው ጊዜ ጽፎ ሳይጨርሰው በቀረው አጭር ማስታወሻ፣ ዩኒቨርሲቲ ዕውቀትን ገና ተፈትቶ እንዳላለቀ ጥያቄ አድርጎ መመልከት እንደሚገባው አስረዳ። መምህሩ ለተማሪው ሲባል ብቻ የተቀመጠ አይደለም፤ መምህሩም ተማሪውም በአንድነት ለዕውቀት ሲሉ የተሰበሰቡ ናቸው። ማስታወሻው በጸሐፊው ዘመን ሳይታተም ቆይቶ ለንባብ የበቃው በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ገደማ ነው። ሐሳቡ ግን ከወረቀቱ ቀድሞ በሥራ ላይ መዋል ጀምሮ ነበር።

ለዚህም ሁለት ምሳሌዎች ይበቃሉ። ዩስቱስ ሊቢግ በ1824 ገና የ21 ዓመት ወጣት ሳለ በጊሰን ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር ሆኖ ተሾመ። ቀድሞ የወታደሮች ዘብ ቤት በነበረ ሕንጻ ውስጥም ቤተ ሙከራ አቋቋመ። በዚያ ተማሪዎቹ በቅድሚያ የታወቁ ንጥረ ነገሮችን መለየት ይለማመዱ ነበር፤ ሲበረቱም እያንዳንዳቸው ገና መልስ ያልተገኘለት የራሳቸው ጥያቄ ይሰጣቸዋል። በ1831 ሊቢግ አምስት ድቡልቡል ክፍሎች ያሉት አነስተኛ የመስታወት መሣሪያ ሠራ። ቀደም ሲል የበሰለ ሊቅ ብቻ ይደፍረው የነበረው የካርቦን መጠን ልኬት፣ በዚህ መሣሪያ አማካይነት ትጉህ በሆነ ማንኛውም ተማሪ እጅ ሊሠራ ቻለ። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ቀላል ነው፤ ተማሪ ተመራማሪ የሚሆነው ልዩ ተሰጥኦ ስላለው ብቻ ሳይሆን፣ በእጁ መጠን የተመጠነ መሣሪያና ዘዴ ሲቀርብለት ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ የታሪክ ጸሐፊው ሌዎፖልድ ፎን ራንከ ነው። ራንከ በበርሊን ጥቂት ተማሪዎችን እየሰበሰበ የመካከለኛውን ዘመን ሰነዶች እንዲያነብቡ፣ እንዲያነጻጽሩ፣ ጸሐፊው ማን እንደሆነና ለምን እንደጻፈ እንዲጠይቁ ያደርግ ነበር። ከዚህ ሴሚናር የወጡ ወጣቶች ስለ ሳክሶን ነገሥታት ዘመን ያዘጋጁት የታሪክ መድበል ከ1837 ጀምሮ በራንከ አዘጋጅነት ታተመ። የተማሪ ሥራ በመምህሩ መሳቢያ ውስጥ አልቀረም፤ አንባቢ ዘንድ ደረሰ።

የጀርመን አሠራር ወደ አሜሪካ የተሻገረው በዚያው በጀርመን በተማሩ አሜሪካውያን አማካይነት ነው። በ1876 በባልቲሞር ከተማ የተከፈተው የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ፣ በመጀመሪያው ፕሬዚዳንቱ በዳንኤል ኮይት ጊልማን መሪነት ምርምርን የዩኒቨርሲቲ ዋና ሥራ አደረገ። ነገር ግን በጉዞው ላይ አንድ ለውጥ ተፈጠረ። በጀርመን የመጀመሪያው ዲግሪ ራሱ የዶክትሬት ዲግሪ ስለነበር፣ ወጣቱ ተማሪና ተመራማሪው የተለያዩ ሰዎች አልነበሩም። በአሜሪካ ግን ከኮሌጁ በላይ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት ሲተከል ምርምር ወደ ላይኛው ፎቅ ወጣ፤ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪው በአመዛኙ ከአዳራሹ ወንበር ላይ ቀረ። በመግቢያው የተጠቀሰው አከፋፈል በሰፊው ሥር የሰደደው ከዚህ በኋላ ነው።

፫. የ1969ኙ ፕሮግራም

ይህን አከፋፈል በግልጽ ከተቹት መካከል አንዱ የፖላሮይድን የፎቶግራፍ ካሜራ የሠሩት ኤድዊን ላንድ ነበሩ። ላንድ በ1957 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ባሰሙት ንግግር፣ ወደ ኢንስቲትዩቱ የሚገቡ ወጣቶች ታላቅ ነገር ለመሥራት ተመኝተው እንደሚመጡ፣ የትምህርቱ አሰጣጥና የፈተናው ብዛት ግን ያን ምኞት ቀስ በቀስ እንደሚያጠፋው ገለጡ። ያቀረቡትም መፍትሔ፣ እያንዳንዱ ተማሪ ከመጀመሪያው ዓመት አንሥቶ የራሱ የምርምር ሥራና በቅርብ የሚመራው ሰው እንዲኖረው ነበር።

ሐሳቡ በሥራ ላይ ለመዋል 12 ዓመታት ፈጅቶበታል። በ1969 ወጣቷ የፊዚክስ ምሁር ዶክተር ማርጋሬት ማክቪካር፣ ላንድ በሰጡት ገንዘብ ድጋፍ፣ «የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የምርምር ዕድል ፕሮግራም» የተባለውን በዚያው ኢንስቲትዩት መሠረቱ። አደረጃጀቱ ቀላል ነበር። ተማሪው በመምህር ምርምር ውስጥ ገብቶ ይሠራል፤ ለሥራውም እንደ ሁኔታው የትምህርት ነጥብ ወይም ደመወዝ ይቀበላል። ተማሪው እንግዳ ሆኖ የሚጎበኝ ሳይሆን፣ እውነተኛ ሥራ የሚጠበቅበት ታናሽ የሥራ ባልደረባ ነው። ፕሮግራሙ እያደገ ሄዶ ለብዙ ዩኒቨርሲቲዎች አርአያ ሆነ።

በአገር አቀፍ ደረጃም የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን፣ ሶቭየት ኅብረት በ1957 ስፑትኒክን ባመጠቀች ማግስት በ1958 ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ምርምር ገንዘብ መመደብ ጀምሮ ነበር። ይህ ድጋፍ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ተቋርጦ በ1987 በሌላ ስም ተመለሰ። በ1998 ደግሞ በትምህርት ምሁሩ በኧርነስት ቦየር ስም የተሰየመ ኮሚሽን፣ ትላልቅ የምርምር ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎቻቸውን ከምርምሩ ገበታ ማራቃቸውን ነቅፎ፣ በምርምር ላይ የተመሠረተ ትምህርት መደበኛው የማስተማሪያ ስልት እንዲሆን ሐሳብ አቀረበ። ስለዚህ ከበርሊን ከተነሣ ከ180 ዓመታት በላይ በኋላ ያው ጥያቄ እንደገና ተነሣ ማለት ነው።

፬. ስለ ጥቅሙ የተደረጉ ጥናቶች

ፕሮግራሞቹ እየበዙ ሲሄዱ «ተማሪው በርግጥ ምን ያተርፋል?» የሚለው ጥያቄ ማስረጃ የሚፈልግ ሆነ። ኢሌን ሲሞርና የሥራ ባልደረቦቻቸው በ2004 ያሳተሙት ጥናት በዚህ ረገድ በተደጋጋሚ የሚጠቀስ ነው። አጥኚዎቹ በአራት ኮሌጆች በበጋ ወቅት ምርምር ላይ የተሠማሩ 76 ተማሪዎችን ቃለ መጠይቅ አደረጉ። ተማሪዎቹ ስለ ጥቅሙ ከተናገሩት ውስጥ 91 በመቶው አዎንታዊ ነበር። በዚያው ዓመት ዴቪድ ሎፓቶ ከ41 ተቋማት 1,135 ተማሪዎችን ጠይቀው ተመሳሳይ ውጤት አግኝተዋል። በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተደርጎ በ1998 የታተመ ጥናት ደግሞ፣ ገና በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከመምህር ጋር በምርምር የተጣመሩ ተማሪዎች፣ በተለይም ጥቁር አሜሪካውያን፣ ትምህርታቸውን አቋርጠው የመሄዳቸው ነገር መቀነሱን አመልክቷል።

ከእነዚህና ከመሰል ጥናቶች የተገኙት ጥቅሞች በአራት ሊጠቃለሉ ይችላሉ።

ሀ) ዕውቀት እንዴት እንደሚገኝ ማወቅ። በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ያለ ዕውቀት ተጣርቶና ተስተካክሎ የቀረበ ነው። ስሕተቱ፣ ጥርጣሬው፣ ተሠርቶ የፈረሰው ሁሉ ከገጹ ተወግዷል። ራሱ የመረመረ ተማሪ ግን አንድ ዐረፍተ ነገር «ታውቋል» ተብሎ እስኪጻፍ ድረስ ስንት ጊዜ እንደሚፈተሽ ይረዳል። ከዚያ በኋላ የሌሎችን መጽሐፍ የሚያነብበው በሌላ ዓይን ነው።

ለ) ትዕግሥትና በራስ መተማመን። ሙከራው ሲከሽፍ፣ መረጃ ሰጪው ሲታጣ፣ ሁለት ምስክሮች ሲጋጩ ተማሪው ምክንያቱን ይፈልጋል እንጂ ከጎረቤቱ መልስ አይገለብጥም። መልሱ በመምህሩም ዘንድ የለምና።

ሐ) ከመምህር ጋር የሚፈጠር የሥራ ግንኙነት። በመቶዎች በሚቆጠሩ ተማሪዎች መካከል ስሙ የማይታወቅ ወጣት፣ በምርምር ሥራ ጊዜ ቢያንስ አንድ መምህር ሐሳቡን የሚያዳምጠው ሰው ይሆናል። ተማሪዎች ትምህርታቸውን እንዳያቋርጡ በመርዳት በኩል ይህ ግንኙነት ትልቅ ድርሻ አለው።

መ) የወደፊት ሙያን መለየት። ምርምርን ሞክሮ የወደደው ይገፋበታል፤ ሞክሮ ያልተስማማው ደግሞ ይህንኑ በጊዜ ማወቁ ራሱ ጥቅም ነው።

ይሁንና እነዚህን ውጤቶች በጥንቃቄ መመልከት ተገቢ ነው። ማርሲያ ሊንና ባልደረቦቻቸው በ2015 ስድሳ ጥናቶችን መርምረው፣ ከግማሽ በላይ የሆኑት ተማሪዎች ስለ ራሳቸው በሰጡት ቃል ላይ ብቻ የተመሠረቱ ስለሆኑ ማስረጃው ደካማ መሆኑን አሳይተዋል። በተጨማሪም ወደ ምርምር ፕሮግራም የሚገባው ብዙውን ጊዜ ቀድሞውኑ የበረታው ተማሪ ስለሆነ፣ ብርታቱን ከፕሮግራሙ አገኘው ወይስ ይዞት መጣ የሚለውን መለየት አስቸጋሪ ነው። ስለሆነም የምርምር ሥራ ሁሉ በማናቸውም ሁኔታ ይጠቅማል ብሎ መደምደም አይቻልም። ከዚህ ይልቅ የሚጠቅመው የትኛው ዓይነት እንደሆነ ለመለየት የአንድ አገርን ልምድ ቀረብ ብሎ ማየት ይረዳል።

፭. የኢትዮጵያ ልምድ

ተማሪው ከሌላ የተቀበለውን መመለስ ብቻ ሳይሆን የራሱን ማቅረብ አለበት የሚለው ሐሳብ ለኢትዮጵያ ባዕድ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ዜማና ንባብ በቃል የሚያዙ ሲሆኑ፣ በቅኔ ቤት ግን አሠራሩ ይለወጣል። የቅኔ ተማሪ ከሁለቱ ቤት ከጉባኤ ቃና ጀምሮ የራሱን ቅኔ ይቆጥራል፤ የቆጠረውንም ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ስሕተቱን ነቅሶ ያርመዋል። የትናንቱን ቅኔ ወይም የጓደኛውን ደግሞ ማቅረብ ነውር ነው። ይህ በዘመናዊው ትርጉም ምርምር አይባልም። ይሁን እንጂ የራስን ሥራ መፍጠር፣ በመምህር ፊት ማቅረብና መታረም የሚሉት ሦስቱ ደረጃዎች በአገሪቱ የትምህርት ባህል ውስጥ ቀድሞውኑ እንደነበሩ ያሳያል።

በ1943 ዓ.ም. በካናዳዊው ዶክተር ሉስየን ማት መሪነት ትምህርት የጀመረው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በተማሪ ቁጥር እጅግ አነስተኛ ነበር። ተማሪዎቹም ከተለያዩ ጠቅላይ ግዛቶች የመጡ፣ ልዩ ልዩ ቋንቋ የሚናገሩ ወጣቶች ነበሩ። እነዚህ ተማሪዎች በኮሌጁ ባቋቋሙት የኢትኖሎጂ ማኅበር አማካይነት፣ ከ1953 ጀምሮ የማኅበሩን መጽሔት ማሳተም ያዙ። በመጽሔቱ ላይ የሚወጣው በአመዛኙ ተማሪዎቹ ስለ ተወለዱበት አካባቢ ሕዝብ ባህልና ልማድ የሰበሰቡት ነበር። የኮሌጁን ቤተ መጻሕፍት ይመሩ የነበሩት ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ቾይናትስኪ ከማኅበሩ ጋር በቅርብ ይሠሩ ነበር። የባህል ዕቃዎችም እየተሰበሰቡ ለአነስተኛ ሙዚየም መነሻ ሆኑ።

ታኅሣሥ 9 ቀን 1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በቀድሞው በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ተመርቆ ሲከፈት፣ በ1955 ዓ.ም. ደግሞ በዶክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ዳይሬክተርነት የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሲቋቋም፣ የተቋሙ ቤተ መጻሕፍትና ሙዚየም ከዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ስብስቦች ተነሡ። ዛሬ በአገሪቱ ታሪክና ባህል ላይ የሚሠራ ተመራማሪ ሁሉ የሚያውቀው ተቋም፣ ከመነሻው የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች እጅ አለበት ማለት ነው።

ሁለተኛው ዕርምጃ ከገጠሩ ጋር የተያያዘ ነው። ከ1964 ጀምሮ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ የትምህርት ዓመት በጠቅላይ ግዛቶች እንዲያገለግል ተደነገገ። አብዛኞቹ በትምህርት ቤቶች አስተማሪ ሆነው ተመደቡ። አገልግሎቱ በራሱ የምርምር ፕሮግራም አልነበረም፤ ሆኖም ተማሪው ስለ አገሩ በመጽሐፍ ያነበበውንና በዓይኑ ያየውን እንዲያነጻጽር አስገደደው።

ሦስተኛውና ምናልባትም ዘላቂ ፍሬ ያፈራው የመመረቂያ ጽሑፍ ነው። በተለይ የታሪክ ትምህርት ክፍል ተማሪዎች፣ በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ፣ ወደየትውልድ ቀበሌያቸው እየሄዱ ስለ መሬት ሥሪት፣ ስለ ከተሞች አመሠራረት፣ ስለ ንግድ መሥመሮች፣ ስለ አካባቢ ገዢዎችና ስለ አርበኞች የአገር ሽማግሌዎችን ጠየቁ። በዚያን ጊዜ የጣሊያንን ወረራ በሙሉ ዕድሜያቸው ያዩ፣ የቀድሞውን የግብር ሥርዓት በትከሻቸው የተሸከሙ ሰዎች በሕይወት ነበሩ። ተማሪው ቋንቋውን ያውቃል፤ ዘመድ አዝማዱ የሚታወቅ ስለሆነም ሽማግሌው በሩን አይዘጋበትም። ከውጭ አገር የመጣ አጥኚ በብዙ ገንዘብና ጊዜ የማያገኘውን ቃል፣ የሃያ ጥቂት ዓመት ወጣት በአንድ ክረምት ሊጽፍ ይችል ነበር።

ከዚያ ወዲህ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏል። እነዚያ ሽማግሌዎች ዛሬ የሉም። የብዙዎቹ ቃል ተጽፎ የሚገኘው በእነዚሁ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ ነው። ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ ከ1855 እስከ 1974 ስላለው የኢትዮጵያ ታሪክ በእንግሊዝኛ ጽፈው በ1991 ያሳተሙት፣ በሰፊው የሚታወቀው መጽሐፍ በምንጭነት ከተጠቀመባቸው ሥራዎች መካከል የታሪክ ትምህርት ክፍል ተማሪዎች መመረቂያ ጽሑፎች ይገኙባቸዋል። እዚህ ላይ ተማሪው ያገኘው ጥቅምና አገር ያገኘችው ጥቅም አንድ ሆነዋል።

ሂደቱ ያለ መሰናክል አልቀጠለም። በ1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ሲታወጅ መደበኛው ትምህርት ተቋረጠ፤ ተከታዮቹም ዓመታት ለተረጋጋ ጥናት የሚመቹ አልነበሩም። በ1978 የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሲቋቋም አገሪቱ የራሷን ተመራማሪዎች ማሠልጠን ቻለች። ከዚህ ጋር ግን በአሜሪካ ከ1876 በኋላ የታየው አዝማሚያ፣ ይኸውም ምርምርን የላይኛው ደረጃ ሥራ አድርጎ መቁጠር፣ በኢትዮጵያም መንገድ አገኘ። በመጨረሻም ከ1990ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ የከፍተኛ ትምህርት በፍጥነት ተስፋፋ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ ከ40 በላይ ደረሱ። ለብዙ ሺህ ወጣቶች በር የከፈተው ይህ መስፋፋት፣ ለአንድ አማካሪ መምህር የሚደርሰውን የተማሪ ቁጥርም ከፍ አደረገው።

፮. ምርምርና ዕጩ መምህር

በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች የተማሪ ምርምር የመጣው በሌላ መንገድ ነው። ኩርት ሌዊን በ1946 ችግርን በማጥናትና ችግሩን ለማቃለል በመሥራት መካከል ያለውን አጥር የሚያፈርስ የምርምር ዓይነት አስተዋወቁ፤ ይህም ተግባራዊ ምርምር የሚባለው ነው። በ1953 ስቴፈን ኮሪ ይህን ዘዴ ወደ ትምህርት ቤት አመጡት። በ1975 ደግሞ እንግሊዛዊው ሎውረንስ ስተንሃውስ፣ ሥርዓተ ትምህርት በክፍል ውስጥ የሚፈተሽ መላ ምት መሆኑን፣ ፈታሹም መምህሩ ራሱ መሆን እንዳለበት አስተማሩ። በኢትዮጵያ በ2003 የመምህራን ትምህርት ሥርዓት በአዲስ መልክ ሲደራጅ ተግባራዊ ምርምር በዕጩ መምህራን ሥልጠና ውስጥ ገባ።

ለዕጩ መምህር የሚያስገኘውን ጥቅም በአንድ ምሳሌ ማስረዳት ይቻላል። አንድ ዕጩ መምህር በልምምድ ላይ ሳለ፣ የመጀመሪያ ክፍል ሕፃናት ከፊደላት ሣልሱንና ኃምሱን፣ ለምሳሌ «ቢ»ንና «ቤ»ን፣ እንደሚያምታቱ አስተዋለ እንበል። መምህር ነኝ ብሎ ብቻ የሚያስብ ሰው ደጋግሞ ያስጠናል፤ ካልሆነም ሕፃናቱን ሰነፎች ይላቸዋል። መመርመር የለመደ ግን ስሕተቱ በየትኞቹ ፊደላት ላይ እንደሚበዛ ለሁለት ሳምንታት ይቆጥራል፤ የቅርጹ መመሳሰል ነው ወይስ ድምፁን አለመለየት ብሎ ይጠይቃል። ከዚያም የአስተማመሩን ቅደም ተከተል ለውጦ እንደገና ይቆጥራል። ውጤቱ ለዓለም አዲስ ላይሆን ይችላል። ለዚያ ክፍል ግን አዲስ ነው፤ ለዚያም መምህር የሠላሳ ዓመት የሥራ ዘመን ልማድ ይሆነዋል። ባለሙያ በማይደርስበት፣ መጽሐፍ በሚያጥርበት የገጠር ትምህርት ቤት ይህ ልማድ ከማናቸውም መሣሪያ ይበልጣል።

ሥራው ለመልክ ያህል ሲደረግ ግን ጥቅሙ ወደ ጉዳት ይለወጣል። የጥናቱ ርእስ ካለፈው ዓመት ተማሪ ሲቀዳ፣ መጠይቁ ሳይበተን ቁጥሩ ሲሞላ፣ ጽሑፉ በገንዘብ ሲገዛ ወይም ዛሬ እንደሚታየው በኮምፒውተር ተፈብርኮ ሲቀርብ፣ ተማሪው ምርምር አለመማሩ ብቻ አይደለም ጉዳቱ። ማስረጃ ለታይታ የሚዘጋጅ ነገር መሆኑን ይማራል። ይህን ትምህርት ይዞ ወደ ክፍል የሚገባ መምህር ለሕፃናት ምን እንደሚያወርስ መገመት አያዳግትም።

፯. ማጠቃለያ

ከላይ የተተረከው ታሪክ በጊሰን፣ በበርሊን፣ በማሳቹሴትስና በአዲስ አበባ የተለያየ መልክ ቢኖረውም፣ ተማሪው በርግጥ በተጠቀመባቸው ቦታዎች ሁሉ ሦስት ነገሮች ተሟልተው ይገኛሉ። አንደኛ፣ ጥያቄው እውነተኛ ነው፤ መልሱ አስቀድሞ በማንም ዘንድ የለም። ሁለተኛ፣ በቅርብ የሚያይና የሚያርም መምህር አለ። ሦስተኛ፣ ሥራው ከተማሪውና ከመምህሩ አልፎ የሚያነብበው ወይም የሚጠቀምበት ሰው አለው። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል የምርምሩ ቅርጽ ይቀራል፤ ትምህርቱ ግን ይጠፋል።

በዚህ መሠረት «የመመረቂያ ጽሑፍ ይቅር ወይስ ይቆይ?» የሚለው ጥያቄ አጠያየቁ ራሱ መስተካከል ይገባዋል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በመላው አገሪቱ የሚሰጠው የመውጫ ፈተና ተመራቂው የሚያውቀውን ለመመዘን ያገለግላል። ያልታወቀውን እንዴት እንደሚፈልግ ግን አይመዝንም፤ ሊመዝንም አልተዘጋጀም። ስለዚህ አንዱ ሌላውን ሊተካ አይችልም። የአማካሪ እጥረት ባለበት ቦታ የሚሻለው፣ ስሙን ብቻ የያዘ ምርምር ለሁሉም ከማዳረስ ይልቅ መጠኑን አሳንሶ እውነተኛነቱን መጠበቅ ነው። ለምሳሌ አራት ወይም አምስት ተማሪዎች በአንድ የጋራ ጥያቄ ሥር፣ እያንዳንዳቸው ግን ራሳቸው የሚጠየቁበትን ክፍል ይዘው ሊሠሩ ይችላሉ። ሃምሳ ገጽ ተቀድቶ ከሚቀርብ፣ ዐሥር ገጽ ተመርምሮ ቢቀርብ ይበልጣል። ተማሪውም እንደ ቅኔ ተማሪው በመምህሩ ፊት ቆሞ በቃሉ ቢያስረዳ፣ የራሱ የሆነውና ያልሆነው በጥቂት ደቂቃ ይለያል። የተመረጡት ሥራዎች ደግሞ በየኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ተመዝግበው፣ ለሚቀጥሉት ተማሪዎችና ለየአካባቢው ትምህርት ቤቶች እንዲደርሱ ማድረግ ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

በ1953 መጽሔታቸውን ያሳተሙት የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ተማሪዎች ሰፊ ቤተ ሙከራም ሆነ ብዙ ገንዘብ አልነበራቸውም። የነበራቸው ስለ ገዛ አገራቸው የማያውቁት ነገር እንዳለ መገንዘብ፣ የሚያበረታታቸው ሰውና የሚያሳትሙበት ጥቂት ገጽ ነበር። ዛሬም በየአካባቢው ቃላቸው ያልተጻፈ ሽማግሌዎች፣ ምክንያቱ ያልታወቀ የተማሪዎች መውደቅና ማቋረጥ፣ ያልተመዘገበ የእጅ ጥበብና የእርሻ ዕውቀት አለ። ይህን ሁሉ የሚመረምር በቂ ቁጥር ያለው ባለሙያ አገሪቱ በቅርብ ጊዜ አታገኝም። በየዓመቱ ከየወረዳው ተነሥተው ወደ ኮሌጅ የሚገቡ፣ ቋንቋውንና ሕዝቡን የሚያውቁ ወጣቶች ግን አሏት።